ማኅተሙ ይባረክ

የተግባር ልምምድን ያለ ተግባር መስጠት የቻለ ሙያ የኛው አርክቴክቸር ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። አምስት ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ ካርቶን ሲቆርጥ የሚያነጋ ልጅ ድንገት አቧራ ላይ ቢጣል ሊታመም እንደሚችል ቢሮዎቻችን ቀድሞ ገብቷቸዋል። ስለዚህ አፓረንት፣ ማለትም የሥራ ላይ ልምምድ፣ የወጣውን ተማሪ ነፋሻ መስኮት ሥር ያስቀምጡታል።

በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ኢንስቲትዩት ከማስተማሩ ጎን ለጎን የግንባታ ዕቃ ይፈትሽ ነበር አሉ። የዚያን ጊዜ ሰው አንጀት የለውም።

እኔ ግን እንክብካቤው ደርሶኛል። የመጀመሪያውን ወር ከፕሪንተር ጋር አሳለፍኩ፤ ኤ1 ወረቀት አጥፎ ኤ4 ማድረግ የዋዛ አይደለም። በሁለተኛው ወር ወደ ሬንደር፣ ያልተሠራ ሕንጻን የተሠራ አስመስሎ በኮምፒውተር ወደ መሣል፣ አደግሁ። ሰማዩን አሰማመርኩና በረንዳው ላይ አንዲት ፈረንጅ ከነውሻዋ አቆምኩ። ሕንጻው ገርጂ ነው።

ሳይትም አንድ ቀን ወርጃለሁ፣ አይካድም። ሽማግሌው ፎርማን «ኢንጂነር፣ እስቲ ቱንቢውን አቀብለኝ» አሉኝ። ውሃ ልክ አቀበልኳቸው። ምንም ሳይሉ ራሳቸው ሄደው ቱንቢውን አነሡና ወደ ደረጃው ጠቆሙኝ።

«ልጄ፣ ፕላኑ ላይ የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ 17 ሴንቲ ብላችሁታል። የወለሉ ንጣፍ ከነሞርታሩ 5 ሴንቲ ይበላል፤ ደረጃው ላይ የሚነጠፈው እብነ በረድ ግን 3 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው 2 ጎድሎ 15፣ የመጨረሻው 2 ጨምሮ 19 ሊሆን ነው። ሰው አይደናቀፍም?»

ምን ልመልስ? እኔ የካርቶን ደረጃ ሠርቼ ጁሪው፣ ሥራችንን የሚገመግመው ቡድን፣ አድንቆኛል። ያን ደረጃ ማንም ወጥቶት ስለማያውቅ የተደናቀፈም የለም።

ወደ ቢሮ ስመለስ የደረጃውን ነገር አነሣሁ። «እሱ የኮንትራክተሩ ጣጣ ነው» ተብዬ ማኪያቶ ተጋበዝኩ። ሲያከብሩኝ!

በመጨረሻው ቀን ሎግ ቡኬን፣ የልምምድ የዕለት መዝገቤን፣ አቀረብኩ። «የፌሮ አስተሳሰር ተቆጣጠርኩ»፣ «ካሳፎርማ ሲፈታ ተከታተልኩ» ይላል፤ የእጅ ጽሑፌም ያምራል። ካምናው ተማሪ ከነቀኑ ስለገለበጥኩት በፋሲካ ዕለት አርማታ አስሞልቻለሁ። ኃላፊው ገጽ ሳይገልጡ ፈረሙልኝ። የማያነብ ሰው እንዴት ደግ ነው!

ማኅተሙ ግን አልመታ አለ፤ ቀለሙ ደርቋል። ጸሐፊዋ ጠርሙሱን ሰጠችኝ፣ ስፖንጁ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ ሞላሁት። ጣቴ እስከ ማግሥቱ ሐምራዊ ነበር። እናቴ አይታው «ዛሬስ ሥራ አሠሩህ» አለች።