«ይተዉት አባባ»

ወገኖቼ፣ ልንወቀስ ይገባናል። ወቀሳውን ከራሴ ልጀምር። አባቴ ጆሯቸው መክበድ ከጀመረ ወዲህ ማዕድ ላይ የሚሆኑት ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ጨዋታው ሲደራ ዓይናቸው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይዞራል። ሁላችን ስንስቅ እሳቸውም ይስቃሉ፤ ግን ትንሽ ዘግይተው። «ምን አላችሁ?» ሲሉን «ይተዉት አባባ፣ ቁም ነገር አይደለም» እንላቸዋለን። ይህ ሲደጋገም መጠየቁን ተዉት። ቆይተውም ከማዕዱ ቀሩ። እኛም «እርጅና ነው፣ ብቻቸውን መሆን ይወዳሉ» ብለን አረፍነው።

«እርጅና ነው» የምንላት ነገር ስንቱን ሕመም ሸፈነችብን! እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ዛሬ ወገቤን ነገ ራሴን ማለት፣ ይወዱት የነበረውን እርግፍ አድርጎ መተው በሸመገለ ሰው ላይ ድብርት ሊሆን ይችላል። አዛውንት ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይሉም፤ «አመመኝ» ይላሉ። የመርሳት ችግር የመሰለንም አንዳንዴ ድብርት ሆኖ ይገኛል። «ምነው በወሰደኝ» ሲሉም እንደ ሽምግልና ወግ ሰምታችሁ አትለፉት፤ በዓለም ላይ ራስን የማጥፋት መጠን ከፍ የሚለው ከ70 ዓመት በላይ ባሉት ዘንድ ነው። ድብርት ደግሞ በ80 ዓመትም ይታከማል። ታዲያ ለደም ግፊትና ለስኳር የምናመላልሳቸውን ሰዎች ለዚህ የማንወስዳቸው ለምንድን ነው? ብንወስዳቸውስ! ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው ቀድመን የምንመልሰው እኛው ነን። ዝም በሉና ራሳቸው ይናገሩ።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ግን ሊስተካከሉ ይችላሉ ያሏቸውን 14 ነገሮች ዘርዝረው ነበር። የመስማት ችግር፣ ድብርትና ከሰው መገለል እዚያ ውስጥ አሉ። ሦስቱም እኛ ቤት ማዕድ ላይ ነበሩ።

«አይድከሙ፣ አርፈው ይቀመጡ» የሚለው ደግነታችንም ከጥፋት ይቆጠራል። መዝጊያ ማጥበቁንም፣ ልጅ መጠበቁንም፣ ሒሳብ መያዙንም ቀማናቸውና ጠዋት ተነስተው የሚይዙት አጡ። ክብርስ አልነፈግናቸውም፤ የነፈግናቸው ወሬ ነው። በልጅነት ስማቸው የሚጠሯቸው እኩዮቻቸው አንድ በአንድ አልቀውባቸዋል፤ ይህን ጉድለት ገንዘብ በመላክ የምንሞላው የሚመስለን ሞኞች ነን።

እንግዲህ ስትደውሉ «ደህና ነኝ» ካሏችሁ ስልኩን አትዝጉ። ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ትናንት ማን ብቅ እንዳለ ጠይቁ። ልትመካከሩበት የምትችሉት ጉዳይ ካላችሁ አማክሯቸው፤ ለይምሰል ግን አይሁን፣ ያውቁባችኋል። ጆሯቸውን አስመርምሩ። ስታወሯቸው አትጩኹ፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ማዕድ ላይ «ምን አላችሁ?» ሲሉ ደግሞ ቀልዱን ከሥሩ ጀምራችሁ ድገሙላቸው፤ ሲደገም ቢቀዘቅዝም።