ማስተካከያ፦ ካቶሊክ ለማግባት ሃይማኖት መቀየር ግዴታ አይደለም

ባለፈው ስለ ድብልቅ ጋብቻ በወጣው ጽሑፍ፣ ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ካቶሊክ ለማግባት ሃይማኖቱን መቀየር እንዳለበት ተገልጿል። ልጆቹን ካቶሊክ አድርጎ ለማሳደግም ይፈርማል ተብሏል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ቃል የሚገባው ካቶሊኩ ወገን ነው። በእምነቱ እንደሚጸና፣ ልጆቹም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የተቻለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ይህን እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ድሮ ግን ሁለቱም ቃል ይገቡ ነበር። ይህን የለወጡት የሮም ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970። ዛሬም የድሮውን ሕግ የሚያወራ አይጠፋም፤ ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ጽሑፉ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም የትዳር አጋሮችን አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። ይለያያሉ። ከተጠመቀ ክርስቲያን ጋር ለመጋባት የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ባይኖር ሕግ ተጥሷል፣ ጋብቻው ግን በዚህ ብቻ ከንቱ አይሆንም። ካልተጠመቀ ሰው ጋር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። እንቅፋቱን የሚያነሳ ልዩ ፈቃድ ከሌለ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዓይን ጋብቻው የጸና አይደለም።

እኛ አገር በብዛት የሚነሳው የኦርቶዶክስ ጉዳይ ነው። ሌላ እንቅፋት እስከሌለ ድረስ፣ ጥንዶቹን የኦርቶዶክስ ካህን ቢባርካቸውም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን የጸና አድርጋ ትቀበለዋለች። ካቶሊኩ አስቀድሞ ቆሞሱን፣ ማለትም የቁምስናውን ኃላፊ ካህን፣ ማነጋገር ግን አይቀርለትም። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተክሊልና በቁርባን የምታጋባው የራሷን ምእመናን ነው። ስለዚህ ኦርቶዶክሱም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።