ሰው ያለው ብፁዕ ነው

አጎቴ 76 ዓመታቸው ነው። ሽንት ከተዘጋባቸው ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። ጤና ጣቢያ ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ማስወጫ ቱቦ፣ ተደረገላቸውና ሪፈር ተጻፈላቸው። ሽንት የሚጠራቀምበትን ከረጢት ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተው፣ ፌስታሉን በጋቢ ሸፍነው ነው የሚሄዱት። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰው ካጋጠማቸው «ዳቦ ገዝቼ ነው» ይላሉ።

ሪፈሩ የተጻፈ ዕለት ማታ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። ምን እንደሚል ያነበበ የለም፤ ላንብብ ቢልም የሐኪም ጽሕፈት ነው። ሁላችንም የፈለግነው የሆስፒታሉን ስም ብቻ ነበር። እሱን እንዳየን በአንድ አፍ «እዚያ ሰው አለን?» አልን።

ዛሬ ላመሰግናት የተነሳሁት ይቺን ጥያቄ ነው። ዩኔስኮ መስቀልንም ጥምቀትንም መዝግቦልናል፤ ይቺን ምን ነክቶት እንደዘለላት እንጃ። ሌላው ዓለም ሲታመም ቀጠሮ ይይዛል፣ ተራውን ይጠብቃል። እኛ ሰው እንፈልጋለን። ወጪ የለውም፣ መለዋወጫ ከውጭ አይመጣለትም፣ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። (ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል። ያኔ በአካል ይኬዳል።)

በወረቀት ላይ ያለውን ሥርዓት አይታችሁታል? ጤና ኬላው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። የገጠር ጤና ጣቢያው እስከ 25,000። ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ደግሞ ለ3.5 ሚሊዮን ሰውና ከዚያ በላይ የተመደበ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። አንዱ ለአንዱ በሪፈር ያቀብላል። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ይህን ሁሉ ደረጃ እንዴት አድርጎ ይወጣዋል? ሕዝባችን አዘነና አሳጠረው። አሁን ያለው ሁለት ደረጃ ነው፤ ሰው ያለውና ሰው የሌለው።

ፍለጋው የተጀመረው በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። 43 አባላት አሉን፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ፣ ከዱባይ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ። በበዓል ቀን ካልሆነ የሚተነፍስ የለም። የዚያን ዕለት ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሲንጫጫ አመሸ። በመጨረሻ የተገኘው ሰው የባለቤቴ እህት የሥራ ባልደረባ ባል የአክስት ልጅ ነው። «ምን ሆኖ ነው የሚሠራው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ነውር ነው። ኋላ እንደተረዳነው ንብረት ክፍል ነው ያለው። አንሶላና ሳሙና ያወጣል፣ አንሶላና ሳሙና ያስገባል። ቢሆንም ሰው ሰው ነው።

እንዲያውም ልምድ ያላቸው ሰዎች ዋናው ሐኪም አይጠቅምህም ይሏችኋል። ስፔሻሊስት ብታውቅ ያን ቀን ኦፕራሲዮን ላይ ነው፣ ስልኩን አያነሳም። ፕሮፌሰር ብታውቅ ውጭ አገር ስብሰባ ላይ ነው። ካርድ ክፍል ሰው ካለህ ግን ግማሽ መንገድ ሄደሃል። ጥበቃ ካወቅክማ ድነሃል በለኝ። ጥበቃ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው፤ አገር ሰላም ከሆነ የትም አይሄድም።

አንድ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም፣ ወዳጅ አለኝ። አዳር ዲዩቲ ውሎ፣ ማለቴ አድሮ፣ ጠዋት ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስልኩ እንደ ተገለበጠ ጢንዚዛ እየተንዘረዘረ ባለበት ይሽከረከራል። ቆጠርኩለት፤ አንድ ስኒ እስክንጨርስ 11 ጊዜ ተደወለ። አንዱን አነሳው። «ዶክተርዬ! እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ጠፋህብን እኮ!» የጠፋው ደዋዩ ነው፣ ሦስት ዓመት ሳይደውል ከርሞ። ከዚያ ሰላምታው ሲያልቅ የእናቱ ጎረቤት የኩላሊት ጠጠር መጣ። ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ያዳምጥ ይሁን ይተኛ አላወቅኩም።

እጥረት እጥረት የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። በአገራችን ለ10,000 ሰው ያለው አንድ ሐኪም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለ1,000 ሰው ሐኪሙ፣ ነርሱና አዋላጁ ተደምረው 4.45 ይሁኑ ይላል፤ እኛ ከዚያ በብዙ እንርቃለን። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እኛ ምን ያስደነግጠናል? ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ማለት ያ አንድ ሐኪም 10,000 ዘመድ አለው ማለት ነው። ስልኩን ያላገኘ ካለ የራሱ ስንፍና ነው።

ችግሩ ዕድሜያችን መርዘሙ ነው። በ1982 ዓ.ም አካባቢ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 47 ገደማ ነበር። አሁን ከ65 አልፏል። ይህን ያመጣው «ሰው አለኝ» ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ያመጡት ክትባት፣ አጎበር፣ ንጹሕ ውሃና በየደጃፉ ደብተር ይዘው የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። እነሱ ቤታችን ድረስ የሚመጡ ስለሆኑ ሰው ማወቅ አያስፈልግም፣ ስለዚህ አናከብራቸውም። ለማንኛውም ድሮ ፕሮስቴት፣ ያ በሽምግልና የወንዱን ሽንት የሚዘጋው እጢ፣ ሳይደርስብን እንሞት ነበር። አሁን እንደርስበታለን። ግፊቱ አለ፣ ስኳሩ አለ፣ የዓይን ሞራው አለ፤ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ይፈልጋል። አጎቴ ለዓይናቸው የነበራቸው ሰው ለሽንት አይሆንም።

ቤተሰባችን ግን ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኛ ሰው ነበረን። የአጎቴ ልጅ ነርስ ነበረች፤ መንግሥት ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ያኔ ሰልፍ የሚባል አናውቅም። ሳል የጀመረውም፣ እግሩ የተወለከፈውም፣ «ሲስተርን ጥሩልኝ» ብሎ ሰተት ነው። ዘጠኙን ዓመት የሥራዋን ግማሽ እኛን ስታስገባ ኖረች። ዲቪ ሲደርሳት ቦሌ ሄደን አለቀስን። ሰዉ ልጅቱ ልትናፍቀው መሰለው። እኔ ግን አክስቴ እንባዋን እየጠረገች ያለችውን ሰምቻለሁ፤ «አሁን ማን አለን?»

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። የ91 ዓመት አሜሪካዊት አሮጊት ታስታምማለች፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ሌሊት ታገላብጣለች። እዚያ ከስድስት ሰው አንዱ ከ65 ዓመት በላይ ነው፣ አስታማሚ ጠፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 እ.ኤ.አ. ዓለም 11 ሚሊዮን ገደማ የጤና ሠራተኛ ይጎድለዋል ይላል። ሀብታሙ አገር ታዲያ ምን አደረገ? የኛኑ ጥበብ ወሰደ። ዞር ዞር ብሎ አየና «እዚያ ሰው አለን?» አለ። አለው፤ እኛ ጋ።

ልጅቱ ከአሮጊቷ አጠገብ ቁጭ ብላ በቪዲዮ ደወለች። «አባዬ፣ ፌስታሉን ከፍ አታድርገው፣ ከሆድህ በታች ይሁን» አለች። ከኋላዋ አሮጊቷ ስትጠራት ይሰማል። «መጣሁ» አለች በእንግሊዝኛ፤ ለኛ ደግሞ በአማርኛ «ሰው አገኛችሁ?» አለችን።

ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ያቆሙ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? አብዛኛው ሰው አዘነ፣ እኔም አዝኛለሁ። በየቤቱ ግን የተባለውን እናውቃለን። «ተርበው ነው የሚያክሙን እንዴ?» ያለም አልጠፋ፤ የሚበዛው ግን «እና አሁን ማን ጋ እንደውላለን?» ነው ያለው። እኛ ሰዋችንን እንወዳለን። በዓል ሲመጣ ማር እንልካለን፣ ቅቤ እንልካለን። ጉቦ እንዳይመስላችሁ፤ ጉቦ በፊት የሚሰጠው ነው።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መፃጉዕ ይባላል። 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረ ሰው ነው። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው የመለሰው ሌላ አይደለም፤ ሰው የለኝም ነው ያለው። ውሃው ሲናወጥ ሌላው ቀድሞት ይገባል። በየዓመቱ ይህ ሲነበብ በፍቅር እንሰማለን፣ አንዳንዶቻችን እናለቅሳለን። ቀድመው ስለገቡት ሰዎች ግን የሚሰበክ የለም። እነማን ነበሩ? የማን ዘመድ ነበሩ? እኔ እንደሚመስለኝ የኛ ቤተሰብ ናቸው።

እና ሄድን። ሰው ያለው ሰው በሌሊት አይነሳም፤ እኛም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተዝናንተን ደረስን። በፊት ለፊቱ በር ሌሊት 11 ሰዓት የተሰለፉ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ዓይናቸውን ላለማየት ስልኬን እያየሁ አለፍኩ። ሰዋችን በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለችው ትንሽ በር ኑ ብሎናል።

ትንሿ በር ላይ ስንደርስ ወደ 40 የሚሆን ሰው ቆሟል። ሁሉም ስልክ ጆሮው ላይ ነው። ሁሉም «ደርሻለሁ፣ በሩ ላይ ነኝ» ይላል። ሱፍ የለበሰ አለ፣ በዊልቸር የመጣች እናት አለች፣ ልጅ ያዘለች አለች። መግፋት ተጀመረ። «የኔ ሰው ሲስተር ናት!» «የኔ ዶክተር ነው!» እኔ የንብረት ክፍል ነው ለማለት አፈርኩና ዝም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ እጁን አነሳና «ጎበዝ፣ እንዲህማ አይሆንም፤ ተራ እንያዝ፣ ቁጥር ይሰጠን» አለ። ሁላችንም ተስማማን። ሰው ያለን ሰዎች ሰልፍ ሠራን። ከፊት ለፊቱ ብዙም አያጥርም ነበር። ቢሆንም ኩራቱ ሌላ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ሰዋችን መጣ። የታጠበ አንሶላ በተከመረበት ኮሪደር አሳልፎ፣ የምርመራ ክፍሉ ፊት ካለው አግዳሚ አደረሰን። «ነግሬያት ልምጣ፣ ጠብቁኝ» ብሎ ገባ። አግዳሚው ሞልቷል። ጫፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከመንዝ ነው የመጡት። ሁለት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያደሩት። ካርዳቸው ጥግ ላይ በእስክሪብቶ 32 ተጽፎበታል።

31 የተጠራው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው አሉ። አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። በሩ ይከፈታል፤ መነጽር ያደረገች ሴት ትገባለች። ትወጣለች። ይከፈታል፤ ከአንድ ሲስተር ጋር እየሳቀ አንድ ወጣት ይገባል። ይወጣል። ሽማግሌው እያንዳንዱን በዓይናቸው ይሸኛሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው «የኔ ልጅ፣ ይቺ 31 አንድ ሰው ናት ወይስ አገር ናት?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ምን ልበል? ከዚያ ወደ አጎቴ ጋቢ አዩ። አጎቴም ልማድ ሆኖባቸው «ዳቦ ነው» አሉ። ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። የሳቸው ከረጢት ከከዘራቸው ጋር በገመድ ታስሯል። «የኔም ዳቦ ይቺውልዎ» አሉ። ሁለቱ ሽማግሎች ከት ብለው ሳቁ፤ አጎቴ እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ወር አልፎኝ ነበር።

«እናንተስ ስንተኛ ናችሁ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ቁጥር የለንም። «33» አልኳቸው።

«እሰይ፣ ከኔ ቀጥሎ ናችኋ!» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ለአጎቴ ቦታ ለቀቁላቸው። አጎቴ ከመቀመጣቸው በሩ ተከፈተ። ሰዋችን አንገቱን ብቅ አድርጎ በጣቱ ጠራን። አጎቴ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ተነሱ። እኔም ቀና ሳልል ተከተልኳቸው።

«31 ወጣ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።