መሃለኛውን ዲፈረንሻል መቆለፍ ያለበት ሹፌሩ ነው

ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ለመምረጥ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ከመሬት ስላለው ከፍታና ስለ ጎማዎቹ ነው። ከካምቢዮው ቀጥሎ ባለው ትራንስፈር ኬዝ ውስጥ ተቀምጦ ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል ስለሚያከፋፍለው መሃለኛ ዲፈረንሻል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መኪናው ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ድንጋያማ ዳገት ሲያጋጥመው የሚያሳየውን ጠባይ በእጅጉ የሚወስነው ይህ ክፍል፣ በተለይም የሚቆለፍበት መንገድ ነው። የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ወፍራም የሲሊኮን ዘይት የያዘ ቪስከስ ከፕሊንግ ወደ ሁለቱ አክስሎች የሚሄዱትን ዘንጎች የፍጥነት ልዩነት በራሱ ጊዜ እንዲገታ መተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሹፌሩ በመቆለፊያ ዘንግ ወይም በማብሪያ ራሱ እንዲቆልፈው ማድረግ ነው። በእርግጥ ከመንገድ ለሚወጣ መኪና ሁለተኛው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም ጉልበትን ከማነጻጸር ይልቅ የጊዜ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ዲፈረንሻሉ ለምን እንዳስፈለገ እናስታውስ። መኪና ሲጠመዘዝ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ሰፋ ያለ ቅስት ይጓዛሉ፤ ስለዚህ ወደ ፊት አክስል የሚሄደው ዘንግ ወደ ኋላ ከሚሄደው በተወሰነ መጠን ፈጥኖ መዞር አለበት። ሁለቱ ዘንጎች ያለ ዲፈረንሻል በቀጥታ ከተያያዙ ይህ ልዩነት መውጫ ያጣና በዘንጎቹ፣ በክሮቼራዎቹና በጥርሶቹ ውስጥ ውጥረት ሆኖ ይጠራቀማል። ልቅ አፈር ላይ ጎማዎቹ ትንሽ ተንሸራትተው ውጥረቱን ይለቁታል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይለቀቅም። በ1970 የቀረበው ሬንጅ ሮቨርና በ1977 የቀረበው ላዳ ኒቫ ዘወትር በአራቱም ጎማ እየተጎተቱ አስፋልት ላይ ያለ ችግር መሄድ የቻሉት መሃለኛ ዲፈረንሻል ስለነበራቸው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ልዩነትን የሚፈቅደው ይህ መሣሪያ ከተፈጥሮው ድክመት አለው፤ ለጠንካራው ወገን የሚሰጠው ኃይል ደካማው ወገን መሸከም ከሚችለው በላይ አይሆንም። አንድ ጎማ ብቻ አንሸራታች ጭቃ ውስጥ ቢገባ ወይም ከመሬት ቢነሣ እሱ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሦስቱ ደግሞ መሬት ይዘው ሳለ ይቆማሉ። ሁለቱም መኪኖች ከመጀመሪያው አንሥቶ በሹፌሩ የሚታዘዝ መቆለፊያ የተገጠመላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በእጅ የሚቆለፈው ዲፈረንሻል አሠራሩ ቀላል ነው። ጥርስ ያለው ቀለበት ተንሸራትቶ ሲገጥም ሁለቱ ዘንጎች እንደ አንድ ዘንግ ይዞራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ኃይል መሬት ወደ ያዘው አክስል፣ አስፈላጊ ከሆነም ሙሉ በሙሉ ይሄዳል። በመሃል የሚቃጠል፣ የሚሞቅ ወይም የሚዘገይ ነገር የለም። ወይ ተቆልፏል፣ ወይ አልተቆለፈም።

ቪስከስ ከፕሊንግ ደግሞ የረቀቀ አሠራር አለው፤ የፈጠሩትን ሰዎች ብልሃት አለማድነቅም አይቻልም። በታሸገ ሲሊንደር ውስጥ ብዙ ቀጫጭን የብረት ሳህኖች በተርታ ይደረደራሉ፤ አንዱ ከውጪው ቤት ጋር፣ ቀጣዩ ከውስጠኛው ዘንግ ጋር እየተያያዘ ይሄዳል እንጂ እርስ በርስ አይነካኩም። በመካከላቸው ያለው የሲሊኮን ዘይት የተመረጠው ከተራ የሞተር ዘይት ይልቅ ውፍረቱ በሙቀት ብዙም ስለማይለዋወጥ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲዞሩ ዘይቱ አብሮ ይዞራል፤ አንዱ ሲቀድም ግን ሳህኖቹ ዘይቱን እየቀደዱ ለመሄድ ስለሚገደዱ ተቃውሞ ይፈጠራል፣ ልዩነቱ በጨመረ ቁጥርም ተቃውሞው ይጨምራል። መንሸራተቱ ከቀጠለ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይስፋፋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የተተወውን ጥቂት አየር ይጨምቃል፤ በመጨረሻም ሳህኖቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ከፕሊንጉ የተቆለፈ ያህል ይሆናል። ኤኤምሲ ኢግል ይህን ዘዴ ለ1980 ሞዴል በተሳፋሪ መኪና ላይ አቀረበ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የፎልክስዋገን ሲንክሮ ተከተለ፤ በአሥርቱ ዓመታት መገባደጃ ላይ ሬንጅ ሮቨር ራሱ የመቆለፊያ ዘንጉን ትቶ ወደ ቪስከስ ዞረ። በ1993 ሞዴል የወጣው ጂፕ ግራንድ ቸሮኪም ይህንኑ ይዞ ነበር የመጣው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናቆማቸው ዋናው ልዩነት ይታያል። ቪስከስ ከፕሊንግ የፍጥነት ልዩነት ከሌለ ምንም ኃይል አያስተላልፍም። በሌላ አነጋገር፣ ሥራውን የሚጀምረው ጎማ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ከመንገድ ውጪ የመንዳት ጥበብ ግን በአብዛኛው ጎማው ከነጭራሹ እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። ረግረግ ላይ አንድ ጊዜ የተሽከረከረ ጎማ የላይኛውን ቆዳ ገፎ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ጭቃ ያወጣል፤ አሸዋ ላይ የተሽከረከረ ጎማ ራሱን ይቀብራል፤ ድንጋይ ላይ የተሽከረከረ ጎማ ደግሞ በድንገት ሲይዝ ዘንግ ሊሰብር ይችላል። ከፕሊንጉ ሞቆ እስኪጠብቅ የሚወስደው ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ መሬቱ የሚበላሸው በዚያው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በተቃራኒው ዳገቱን ከታች ቆሞ ያየ ሹፌር ገና ሳይነሣ ቆልፎ፣ በከባድ ማርሽ (ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን በሚጨምረው) ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ የትኛው አክስል ቀድሞ መሬት እንደሚለቅ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

ቁልቁለት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ይህን ጉዳይ የሚያነሣ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና የሚያዘው በሞተሩ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ የኋላ ጎማዎች ቀለል ይላሉ፤ መሃለኛው ዲፈረንሻል ክፍት ከሆነ የሞተሩ መገታት ወደ ቀለሉት ጎማዎች አምልጦ እነሱ ሊቆሙ፣ አልፎ ተርፎም ወደ ኋላ ሊዞሩ ይችላሉ፤ የፊቶቹ ደግሞ ያለ ገደብ ይፈጥናሉ። ቪስከስ ይህን ይቀንሰዋል፣ የሚቀንሰው ግን መኪናው መፍጠን ከጀመረ በኋላ ነው። የተቆለፈው ግን ፊትና ኋላን በአንድ ፍጥነት ይዞ ይወርዳል።

የእጅ ፍሬንም የዚሁ አካል ነው። በብዙ የላንድ ሮቨር ሞዴሎች የእጅ ፍሬኑ ከጎማዎቹ ጋር ሳይሆን ትራንስፈር ኬዙ ጀርባ ላይ ካለው የኋላ ዘንግ ጋር ነው የተያያዘው። አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ቢነሣ የተነሣው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ የቀረው ወደ ፊት ሊዞር ስለሚችል፣ ፍሬኑ ተይዞም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። መሃለኛው ዲፈረንሻል ከተቆለፈ ፍሬኑ የፊት አክስሉንም ይይዛል፤ ጎማ ሲቀየር ቆልፉ የሚባለው ለዚህ ነው (ታኮ ማድረግ ግን በማንኛውም ሁኔታ አይቀርም)። ቪስከስ በበኩሉ የማያቋርጥ ጫና ሲያርፍበት በዝግታ ይለቃል እንጂ ቆሞ የቀረን ነገር መያዝ አይችልም። ስለዚህ የቆመ መኪና ጉዳይ ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ስም ሊጠሩ እንኳ አይገባም።

ሦስተኛው ጉዳይ እርጅና ነው። በእጅ የሚቆለፈው ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከመሰንበት ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ የመቆለፊያ ዘንግ ይዝጋል፣ ማያያዣዎቹ ይደርቃሉ። ይህ ግን ዘንጉን በመሞከር ብቻ የሚታወቅ ጉድለት ነው። ቪስከስ ከፕሊንግ የሚያረጀው በድብቅ ነው። የዘይቱ ባሕርይ በተደጋጋሚ ሙቀት ይለወጣል፤ አንዳንዱ አቅሙን ያጣና ዲፈረንሻሉን ክፍት አድርጎ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወፍሮ ተጣብቆ ይቀራል። የመጀመሪያው ዓይነት የሚታወቀው በጭቃ መሃል መኪናው ሲቆም ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ደረቅ መንገድ ላይ ዘወትር ተቆልፎ እንደመሄድ ስለሆነ ጎማ ይበላል፣ በጠባብ ቦታ መኪናው የተያዘ ያህል ይከብዳል፣ ውሎ ሲያድር ሌሎቹን ክፍሎች ይሰብራል። መሃለኛ ዲፈረንሻል ሳይኖረው ኃይልን ወደ ኋላ በቪስከስ ብቻ በሚልከው የመጀመሪያው ላንድ ሮቨር ፍሪላንደር ላይ የተጣበቀ ከፕሊንግ የፊተኛውን ማርሽ ቤትና የኋላውን ዲፈረንሻል ይዞ እንደሚሄድ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ መብራት ደግሞ የለም። መጠናቸው ወይም እርጅናቸው የተለያየ ጎማዎችን ፊትና ኋላ መግጠም፣ ወይም አንዱ አክስል ተነሥቶ ሌላው መሬት ላይ እየተንከባለለ ረጅም መንገድ መጎተት ከፕሊንጉን ያለ እረፍት ያሞቀዋል፤ ባለቤቱ ግን ይህን ሳያውቅ ሊያደርገው ይችላል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቢያንስ አንድ ፍተሻ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ፣ የኋላ ጎማዎች በታኮ ተይዘው፣ ካምቢዮው ከማርሽ ወጥቶ አንድ የፊት ጎማ በክሪክ ይነሣል። ጎማው በረጅም ማንሻ ቀስ ተብሎ ሲገፋ በዝግታና በእኩል ተቃውሞ መዞር አለበት፤ በጣት ከተሽከረከረ ከፕሊንጉ ሞቷል፣ ጭራሽ አልዞር ካለም ተጣብቋል። ይህ የሚሠራው ቪስከሱ ከመሃለኛ ዲፈረንሻል ጋር በተያያዘባቸው መኪኖች ላይ ነው።

አሁን የተቃዋሚዎቼን መከራከሪያ ልየው፤ ደካማ አይደለምና። በእጅ የሚቆለፍ ነገር እንደ ያዢው ነው። ቆልፎ የሚረሳ ሹፌር አለ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፎ የተነዳ መኪና ዘንጎቹ ውስጥ የሚጠራቀመው ውጥረት አንዳንዴ መቆለፊያውን እንኳ አላስፈታ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድን ይጠይቃል። ጨርሶ የማይቆልፍ ሹፌርም አለ፤ ጎማው እየተሽከረከረ ሳለ ዘንጉን በኃይል የሚስብና ጥርሱን የሚሰብር አለ። ከዚህም በላይ ዝናብ የመታው ወይም በረዶ የጣለበት አስፋልት፣ አንዱ ሜትር ደረቅ ሌላው አንሸራታች የሆነ መንገድ ላይ፣ ሹፌሩ በየደቂቃው እየቆለፈና እየፈታ መሄድ አይችልም። እዚያ ላይ ቪስከስ በእርግጥ ይበልጣል፤ ሳይጠየቅ ይሠራል፣ መጠኑን ይመጥናል፣ መሪውንም አያስቸግርም። አብዛኛውን ዕድሜውን አስፋልት ላይ ለሚያሳልፍ መኪና ከፕሊንጉን መምረጥ ስሕተት ነው አልልም።

ይህ ግን ሁለቱን ማጣመር የማይቻል ቢሆን ኖሮ ነበር ክርክሩን የሚዘጋው። በ1991 የወጣው ሁለተኛው ሚትሱቢሺ ፓጄሮ በሱፐር ሴሌክት ዘዴው ለመንገድ ከቪስከስ ጋር የሚሠራ መሃለኛ ዲፈረንሻል፣ ለአስቸጋሪ መሬት ደግሞ ሹፌሩ የሚመርጠው ሙሉ መቆለፊያ ነበረው። ዘወትር በአራት ጎማ የሚጎተቱ የላንድ ክሩዘር 80 ሞዴሎችም ከቪስከሱ በተጨማሪ ከባዱ ማርሽ ሲገባ መሃለኛው የሚቆለፍበት አሠራር ነበራቸው። እኔ የምቃወመው ቪስከስን መጨመር ሳይሆን፣ ቪስከስ ስላለ ብሎ የመቆለፊያውን ዘንግ መንቀል ነው።

ዘንጉን የመንቀል ልማድ በኤሌክትሮኒክስ ዘመንም ቀጥሏል። በ1998 የቀረበው ሁለተኛው ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ የሚንሸራተተውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ ዘዴ አለው ተብሎ የመሃለኛው መቆለፊያ ዘንግ ቀረበት። የትራንስፈር ኬዙ ዓይነት ግን ያው የቀድሞው ነበርና፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ የመቆለፊያው ብረት ውስጡ ተቀምጦ የጎደለው ማያያዣው ብቻ ነበር፤ ባለቤቶች ማያያዣ እየገዙ ራሳቸው ገጠሙት። ኩባንያውም በ2004 ሞዴል መቆለፊያውን መለሰው። ፍሬኑም እንደ ቪስከሱ ሁሉ ጎማ እስኪሽከረከር ይጠብቃል፤ በተጨማሪም ሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል ከፊሉን በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት አድርጎ ያጠፋዋል። ከተቆለፈ መሃለኛ ዲፈረንሻል ጋር ሲተባበር ግን ሸክሙ ይቀልለታል፣ ምክንያቱም የፊትና የኋላው ልዩነት አስቀድሞ ተወግዶለት የግራና የቀኙን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

የግራና የቀኙ ነገር በመሃለኛው መቆለፊያም አይፈታም። አንድ የፊት ጎማና ከእሱ በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ከተነሡ፣ አክስሎቹ ላይ ያሉት ዲፈረንሻሎች ክፍት እስከሆኑ ድረስ መሃለኛው ቢቆለፍም መኪናው ይቆማል። ከ1990 ጀምሮ ዘወትር በአራት ጎማ የሚጎተተው የመርሴዲስ ጂ ሞዴል ሦስቱንም ዲፈረንሻሎች በሹፌሩ ትእዛዝ መቆለፍ የሚያስችለው ለዚህ ነው። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የተቆለፈ መሃለኛ ዲፈረንሻል አራቱንም ጎማ እኩል ያስዞራል ተብሎ ሲነገር ሐሰት ነው፤ የሚያረጋግጠው ቢያንስ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ እንደሚዞሩ ብቻ ነው።

የመቆለፊያ ዘንጉ ያለው ሰው እንግዲህ ሊያደርግ የሚገባው ጥቂት ነገር አለ። ልቅ አፈር ላይ አልፎ አልፎ ይቆልፈው፣ ጥቂት ተጉዞ ይፍታው፣ የመቆለፊያው ምልክት መብራት በጊዜው መብራቱንና መጥፋቱን ይመልከት። አስቸጋሪ ቦታ ከመግባቱ በፊት፣ ጎማዎቹ ሳይሽከረከሩ ይቆልፍ፤ ጠንካራ መንገድ እንደደረሰ ይፍታ። መቆለፊያው ሲሠራ በብዙ መኪኖች ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ ቆሞ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ዘዴ) እንደሚጠፋም ይወቅ፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ተቆልፎ መሄድ ጎማ ከመብላት የከፋ አደጋ የሚኖረው በዚህም ምክንያት ነው።