ድራፍት ስናይ ያመሸንበት ጋራዥ

ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ ማታ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። «ከጎረቤቶቼ ጋር ድራፍት አያለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ድራፍት ይጠጣል እንጂ ይታያል እንዴ? ይህን ያህል ተቸግራችኋል?» አለኝ።

ላስረዳው ሞከርኩ። የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። በየዓመቱ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚሉት ይህን ምርጫ ነው፤ በውድድሩ ወደ ኋላ የቀሩት ቡድኖች ቅድሚያ ያገኛሉ። ልጁ ቡድኑን አይመርጥም፣ ቡድኑ ነው ልጁን የሚመርጠው። ከቡድኑ ጋር ከተማው፣ ከከተማው ጋር ደግሞ ብርዱ ይደርሰዋል። «ታዲያ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው አትለኝም!» አለ ወንድሜ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ትርፍ ነበር።

ሆኪ ራሱ ለእኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ጫፉ በተቆለመመ ዘንግ ጥንግ እያሳደደ ያደገ ሰው በረዶ ላይ ሲደረግ ቢያየው ገና መሆኑን ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ብቻ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው እዚህ አልደረሰም። እዚህ ይቆጣሉ፤ ጓንታቸውን ጥለው ይቧቀሳሉ፤ ዳኛውም አምስት ደቂቃ አስቀምጦ ወደ ጨዋታው ይመልሳቸዋል።

ከተማዬ ዊኒፔግ ናት፤ ካናዳ መሀል፣ ከየትኛውም ባሕር የራቀች። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው። በዚያ ምሽት የጋራዡን በር ከፍቶ ስድስት ያህል ሆነን ተቀመጥን። ከውጭ የሚገባው ቢምቢ ነው። ከግንቦት ጀምሮ የክፍለ ሀገራችን የማኒቶባ ደን ሲቃጠል፣ ወደ 17,000 ሰው ከቤቱ ሲወጣ የከረመበት ጊዜ በመሆኑ የጢስ ነገር ከማንም አፍ አይጠፋም። የእኛ ቡድን ጄትስ በመደበኛው ውድድር ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ስለወጣ ተራው ወደ መጨረሻው፣ 28ኛ ነው። ጎበዝ ተማሪ መጨረሻ የሚቆምበት ሰልፍ እንደማለት ነው። ከእያንዳንዱ ምርጫ እስከሚቀጥለው ድረስ ንግግርና ማስታወቂያ አለ፤ 27 ልጅ እስኪጠራ ከሦስት ሰዓት በላይ ስንጠብቅ ምን እናውራ? የአየሩን ነገር።

ይህ ሕዝብ ስለ ብርድ ሲያወራ ሰምታችሁ ከሆነ፣ የእኛ ሰው ስለ ዘመቻው ሲያወራ እንደሚኮራው ይኮራል። አንዱ የአያቱን ዘመን በረዶ ያመጣል፤ ሌላው እ.ኤ.አ. የ1879ኙን 47.8 ከዜሮ በታች ትናንት እንደነበረ አድርጎ ይጠቅሳል። አርባ ከዜሮ በታች ሲሆን የሴልሺየሱም የፋራናይቱም ቁጥር አንድ ነው፤ ሊከራከሩ እንኳ አይችሉም። መኪናን ሌሊት እንደ ምጣድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማሳደርን ለእኔ ለአሥራ አራተኛ ጊዜ አስረዱኝ። ከዚያ ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «ግን ብርዱ ደረቅ ነው!» ይላሉ። ደረቅ ብርድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ይመስለኛል፤ የእኔ ጆሮ በዚያ ሰዓት የራሱ መሆኑንም ይረሳል።

በዚያው ዕለት ጠዋት በከተማዋ እምብርት ያለው የፖርቴጅና የሜይን መጋጠሚያ ከ46 ዓመት በኋላ ለእግረኛ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በሲሚንቶ ግንብ አጥረውት ሰውን ወደ ምድር ውስጥ መተላለፊያ አወረዱት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ ይከፈት ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው «አይከፈት» አለ። በኋላ የምድር ውስጡን ጣሪያ መጠገን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነና ከተማው ለመክፈት ወሰነ። ጋራዡ በዚህ ለሁለት ተከፈለ። ሹፌሩ፣ «በጥር ማን እብድ ነው በላዩ የሚሻገረው?» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ጠዋት ሄዳ በእግሯ ተሻግራ መጥታለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ያለ ምንም ጉዳይ። እኔ ግንቡ በማን ላይ እንደቆመ ነው የገረመኝ። እኛ አገር መንገድ ለእግረኛ ሲሰፋ ቤት ይፈርሳል፤ እዚህ እግረኛው ራሱ አልፈልግም ብሎ ድምፅ ይሰጣል።

መጀመሪያ በመጣሁባቸው ዓመታት ይህን የአየር ወሬ የወሬ ድርቀት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የተሳሳትኩት ቡድኑን ስላላወቅሁ ነው። ጄትስ እ.ኤ.አ. በ1996 ገንዘብ አጥቶ ወደ ፊኒክስ፣ ወደ በረሃ ሄደ። ሹፌሩ ያንን ዓመት ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአትላንታ ቡድን ሲመጣላቸው 13,000 የውድድር ዘመን ትኬት በጥቂት ቀናት ተሸጦ አለቀ። ዛሬም ግን ስም ያላቸው ተጫዋቾች ውላቸው ላይ «ልዛወርባቸው የማልፈልጋቸው ከተሞች» የሚል ዝርዝር ያስገባሉ፤ የዊኒፔግ ስም ከዚያ ዝርዝር እምብዛም አይጠፋም ይባላል። በዚያ ምሽትም አንዱ የሆኪ ተጫዋቹን የኤሪክ ሊንድሮስን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1991 የኩቤክ ቡድን በአንደኛ ምርጫ ወሰደው፤ ልጁ ማልያውን አልለብስም አለ፤ በዓመቱ ለፊላደልፊያ ተሰጠ፤ ቡድኑም በ1995 ከተማዋን ጥሎ ወደ ዴንቨር ሄደ። እንግዲህ ስለ ብርዱ የሚያወሩት ስለ ብርዱ አይደለም። የሚመጣው ልጅ ይቆይ ይሆን ብለው ነው የሚጨነቁት፤ ያንን መጠየቅ ስለሚያሳፍር ቴርሞሜትር ያነሳሉ።

ይህን ያወቅሁት በራሴ 1996 ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። የምደባው ዝርዝር ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜ ከአርባ ምንጭ ጎን ወጣ። መቀሌ የደረሰውም፣ ዓለማያ የደረሰውም፣ ጅማ የደረሰውም አንድ አጥር ሥር ቆመን ስለ አየር ጠባይ አወራን። «ጅማ ዝናቡ አያባራም»፣ «መቀሌ አቧራ ነው»፣ «አርባ ምንጭማ ሙቀቱ!»። ከቤት ርቆ ስለ መሄድ አንድም ሰው አልተነፈሰ። እናቴም የጠየቀችው ስለ ወባው ብቻ ነበር፤ ሌሊት ወደ አውቶቡስ ተራ ስትሸኘኝም ስለ ወባው ነበር የምታወራው።

አርባ ምንጭ ደርሼ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ስወርድ ነባር ተማሪዎች ሻንጣዬን ከትከሻዬ ተቀበሉኝ። ስለ ሙቀቱ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። «ማታ ላይኛው ሰፈር ሼቻ ወጥተህ ሐይቁን ታያለህ» ነው ያሉኝ፤ አሳውን፣ ማንጎውን፣ ሙዙን ቆጠሩልኝ። ዊኒፔግ የምትለይበት እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳዋን ገና በር ላይ ይቅርታ ትጠይቃለች። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዋስ ሆነውኝ ከናይሮቢ የመጣሁ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ካፖርት ይዘው መጥተው፣ እየተሳቀቁ «ብርዱ ደረቅ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «ለምን ዊኒፔግን መረጥክ?» የሚለኝ ብዙ ነው። «እኔ አልመረጥኩም፣ ተመርጬ ነው» እላለሁ። ጋራዡ ውስጥ ይህ ቀልድ በየዓመቱ ያስቃል።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ተራችን ደረሰ። ሳሻ ቡመዲየን የሚባል ተከላካይ። ለአፍታ ፀጥታ ሆነ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ስሙ አፍሪካዊ ስለመሰላቸው እኔ የማውቀው መስሏቸዋል። የቀድሞው የአልጄሪያ ፕሬዚዳንት ሁዋሪ ቡመዲየን ትዝ አሉኝና ስሙ የሰሜን አፍሪካ መሆኑን ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ስጋት አየሁ፤ ፀሐይ የለመደ ልጅ! ሹፌሩ ስልኩን ጎርጉሮ፣ «ፊንላንድ ተወልዶ ለስዊድን ወጣቶች ነው የሚጫወተው» ሲል ጋራዡ በእፎይታ ተነፈሰ። «ብርድ ያውቃል» አሉ። ስለ አጨዋወቱ የጠየቀ አልነበረም።

ቤቴ ስገባ አዲስ አበባ ነግቷል፤ ሰኔ 21፣ የማርያም ዕለት። አክስቴ በዚያ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን እንደማትቀር ባውቅም ደወልኩላት። ዘመኗን የኖረችው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣ አውጥታ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ወትሮ በእግሯ ጊዮርጊስ ትሄድ ነበር።

«እቴቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ነሽ እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ታክሲ እስኪመጣ ቆሜ ነው። እናንተ ዘንድ ብርዱ እንዴት ነው?»

ሙቀት ነው፣ ቢምቢ አስቸገረን አልኳት። ሳቀች።

«እዚህ ክረምቱ ገባ። ቤቱ ደህና ነው፣ ውሃውም ይመጣል። ነፋሱ ብቻ ነው» አለችኝ።