ኪሊማንጃሮን ለማየት ስንት በር ይንኳኳል?

እናቴ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። የኪሊማንጃሮን ከፍታ 5,895 ሜትር ብላ በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደጻፈች ራሷም ቆጥራ አትጨርሰውም። የቪክቶሪያ ሐይቅን ዳርቻ በቃሏ ትስለዋለች። ነጭ ዓባይ ጂንጃ ላይ ከሐይቁ እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳቻቸው ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። እሷ ግን አንዱንም በዓይኗ አላየችም። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ቡና እያፈላች «ያንን ተራራ አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። እናቴ ለራሷ ብላ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህንን ስትሰማ «እመጣለሁ፤ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን» አለች። ዕቅዱን ማውጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ይኸው አምስት ወር ሆነኝ። አንድም ትኬት አልቆረጥኩም። ዛሬ ሌሊት ያው የቪዛ ማመልከቻ ገጽ ለአራተኛ ጊዜ የእናቴን ፎቶ ሲመልስብኝ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ይህንን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

አስጎብኚ ድርጅት ለምን አትይዝም የሚለኝ ብዙ ነው። ጠይቄ ነበር። የላኩልኝ ዋጋ አንድ ድምር ብቻ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የፓርኩ ስንት ነው፣ የመኪናው ስንት ነው ብል የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ ራሴው ላሰናዳው አልኩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ናይሮቢ መግባት፣ አምቦሴሊ ሄዶ ዝሆኖቹን ከተራራው ግርጌ ማየት፣ በናማንጋ ወደ ታንዛኒያ ተሻግሮ ንጎሮንጎሮና ሴሬንጌቲ መድረስ፣ በማሳይ ማራ በኩል ወደ ኬንያ መመለስ፣ ከዚያ ኡጋንዳ፣ ጂንጃ። ካርታ ላይ ሲያዩት አንድ ክብ ነው። እናቴ በእርሳስ ሠርታው ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

ይህ ክብ ግን ከካርታው ውጪ የለም። ማራና ሴሬንጌቲ አንድ ሜዳ ናቸው። ዋይልድቢስት የሚባለው ቀንዳም የሜዳ እንስሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ፣ ከእልፍ አእላፍ የሜዳ አህያ ጋር በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ዓለም የሚጎርፈውም ይህንን ለማየት ነው። ሰው ግን በዚያ መሻገር አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው የሳንድ ሪቨር በር የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ (የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ኅብረት) እ.ኤ.አ. በ1977 ሲፈርስ ተዘጋ። ማኅበረሰቡ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመ፤ በሩ ግን ለጎብኚ እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ ከሴሬንጌቲ ወጥተን፣ ወደ ምዕራብ ዞረን፣ በሲራሪና በኢሴባኒያ በኩል ድንበር ተሻግረን፣ እንደገና ወደ ማራ መመለስ አለብን። ጉልበቷን ለሚያማት የሰባ ዓመት ሴት ሙሉ ቀን መኪና ላይ ማለት ነው። መኪናውም ቢሆን አንድ አይደለም፤ የኬንያ አስጎብኚ መኪና ታንዛኒያ ፓርክ ውስጥ አይገባም። ናማንጋ ላይ ሻንጣ አውርዶ፣ በእግር ተሻግሮ፣ ሌላ መኪና መያዝ ነው።

አሁን ወደ በሮቹ ዋጋ ልምጣ፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ማሳይ ማራ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት የፈረንጅ ወራት ከውጭ የሚመጣ አንድ አዋቂ 200 ዶላር ይከፍላል። ያውም ለ12 ሰዓት፤ ከንጋት እስከ ምሽት። ሦስት ሰው ሁለት ቀን ሲቆይ 1,200 ዶላር በር ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ገና አልጋ አልያዝንም፣ ምሳ አልበላንም። ሴሬንጌቲ ከነግብሩ 82 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ንጎሮንጎሮ ለአንድ ሰው 70 ዶላር ከ80፤ መሐሉ ላይ ወዳለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ለመውረድ ደግሞ ለመኪናው 295 ዶላር ለብቻው ይጨመራል። ከአሩሻ ተነስቶ ሴሬንጌቲ ለመድረስ መንገዱ በንጎሮንጎሮ ጥብቅ ክልል ውስጥ ያልፋል፤ ለማለፍ ብቻም ይከፈላል። በዚያው መንገድ የተመለሰ ደግሞ እንደገና ይከፍላል። እህቴ ጎሪላም እንይ ብላ ነበር። የሩዋንዳው ፈቃድ እንደ እሷ ከአፍሪካ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 1,500 ዶላር፣ የኡጋንዳው 800 ዶላር መሆኑን ስነግራት ዝም አለች፤ እኔም ሰረዝኩት።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ መክፈል የለብንም እያልኩ አይደለም። እነዚያ አንበሶችና አውራሪሶች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጠባቂ ተቀጥሮላቸው፣ ጎረቤት ያለው ከብት አርቢ ጥቅም እያገኘ ነው። በሚገባ ይከፈል። እኔን ያንገበገበኝ የታሪፉ ሰሌዳ ላይ ያለው ክፍፍል ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ዜጋ የሚል ዓምድ አለ፤ ሴሬንጌቲን በ10,000 የታንዛኒያ ሽልንግና በግብሩ ያያል። የምሥራቅ አፍሪካ ዜጋ ማለት የማኅበረሰቡ አባል አገር ዜጋ ማለት ነው። ዲሞክራቲክ ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ2022 አባል ሆናለች፤ እሰየው። በዚህ ስሌት ግን አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የተወለደው ኮንጎአዊ ምሥራቅ አፍሪካዊ ነው። የቤቱን መስኮት ሲከፍት ኬንያን የሚያየው የሞያሌ ሰው ግን በዚያ ዓምድ ውስጥ የለም፤ ከኒው ዮርክና ከበርሊን ከመጣው ጎብኚ ጋር ተሰልፎ የእነሱን ዋጋ ይከፍላል። እናቴ ከ1948 ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ኖራ፣ ምሥራቅ አፍሪካን አስተምራ፣ ምሥራቅ አፍሪካዊ አይደለሽም ተባለች።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ነው አልልም። የማኅበረሰቡ አባል ያልሆነችው አገራችን ናት፤ እኛም በፓርኮቻችን በር ላይ ለውጭ ዜጋ የተለየ ዋጋ እንለጥፋለን። ነገር ግን ዶላሩን ማን በምን ገንዘብ እንደሚገዛው ማንም አያስብም። የእናቴ ጡረታ የሚከፈለው በብር ነው። ቁጠባዋን ያጠራቀመችው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሳለ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቁጠባዋ ሳይነካ ግማሽ ሆነ። እሷ «የጎደለውን እህትሽ... እህትህ ትሞላለች» አለችኝ፤ ሲጨንቃት ስማችንን ታምታታለች። ያን ዕለት በጣም አዘንኩ።

ክፍያው ራሱ ሌላ መከራ ነው። በጥሬ ገንዘብ በር ላይ እከፍላለሁ ማለት በብዙ ፓርኮች ቀርቷል፤ በካርድ ወይም በስልክ ነው። ኬንያውያን ኤምፔሳ አላቸው፤ ለዚያ የኬንያ ሲም ካርድ ያስፈልጋል። አንድ ባንክ ሄጄ ለውጭ ጉዞ የሚሆን ካርድ አወጣሁ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የአንዱ አገር የክፍያ ገጽ ላይ ቁጥሩን ሳስገባ ገጹ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆይቶ ክፍያው አልተሳካም አለኝ። ባንኩ ስደውል ገንዘቡ ተቀንሷል አሉኝ። ገጹ አልደረሰኝም ይላል፤ ባንኩ ልኬአለሁ ይላል። ሃምሳ ዶላር ለሃያ ሦስት ቀን በመሐል ጠፍቶ ሰነበተ። በመጨረሻ እህቴ በእሷ ካርድ ስትከፍል አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

እህቴን ካነሳሁ አይቀር፤ ለአሜሪካ ፓስፖርት ባለቤትም መንገዱ ቀና አይደለም። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን በአንድ ላይ የሚያስገባ የ100 ዶላር ቪዛ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አለ። ደስ አለን። ታንዛኒያ ግን የለችበትም፤ ከሦስቱ አገሮች ክልል ከወጡ ደግሞ ቪዛው ያበቃል። ስለዚህ የእናቴ ክብ ተሰብሮ መጀመሪያ ኬንያ፣ ቀጥሎ ኡጋንዳ፣ በመጨረሻ ታንዛኒያ ሆነ። እኔና እናቴ በበኩላችን ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም፤ ይህ ከድሮ ጀምሮ የነበረ መልካም ነገር ነው። ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ግን ማመልከት አለብን። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት የፍቃድ መንገድ።

ቤተሰብ መሆናችንንም ማስረዳት ነበረብን። ማመልከቻው የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። በእናቴ ፓስፖርት በዚያ ቦታ የእሷ አያት ስም ሰፍሯል፤ በእኔ ላይ የእኔ አያት ስም፤ እህቴ ዜግነት ስትወስድ የአባታችንን ስም አስመዝግባለች። ስለዚህ አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ በወረቀት ላይ የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ነን። ዝምድናችሁን አስረዱ የሚል መልእክት መጣ። የልደት ማስረጃዬን ከወረዳ አውጥቼ፣ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁ። እናቴ ትርጉሙን መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «እኔ እንደወለድኩህ ለማን ነው የሚያረጋግጡት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቢጫ ካርዱን ደግሞ ስሙኝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ያለ እሱ ከእኛ አገር ተነስቶ ታንዛኒያ መግባት አይቻልም። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ደህና ነች ተባለ፣ ተከተበች፣ ካርዱን ተቀበልን። ቤት ስንደርስ ሳየው ባለሙያዋ የልደት ዓመቷን 1948 ብላ ጽፋለች፤ በእኛ አቆጣጠር። ፓስፖርቷ 1956 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ድንበር ላይ የቆመው ሰው ግን ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሴቶችን ነው የሚያየው። በእስክሪብቶ ላስተካክለው አልችልም፤ ሥርዝ ድልዝ ዋጋ ሊያሳጣው እንደሚችል ካርዱ ራሱ ላይ ተጽፏል። አዲስ ካርድ ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ የጻፈችልን ባለሙያ ራሷ አዝና በቅንነት ቀየረችልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

በራሳችን መኪና በሞያሌ እንሂድ የሚል ሐሳብም ነበረኝ። እስከ ሞያሌ ከ770 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያ እስከ ናይሮቢ የዚያኑ ያህል፤ ከድንበሩ ወዲያ የሚነዳውም በግራ ነው። የእናቴን ጉልበት አስቤ ተውኩት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አፍሪካውያን በአህጉራቸው በነፃነት እንዲንቀሳቀሱ የሚል ስምምነት ተቀብለዋል። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ከሥራ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ለበጎ ነው ብዬ አልተማረርኩም። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል ግን 15 አገሮች በየአገራቸው ሊያጸድቁት ይገባል። ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ሩዋንዳ አንዷ ናት። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው የአህጉሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በየቀኑ ያልፋል፤ እናቱን ጎረቤት አገር ወስዶ ተራራ ለማሳየት ግን ዝምድናውን በማኅተም ያረጋግጣል።

ከእናንተ መካከል በቅርቡ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ናማንጋን ወይም ኢሴባኒያን የተሻገረ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ። ስንት ሰዓት ቆማችሁ? ለአዛውንት መቀመጫ አለ? የሆቴል ማስያዣ በወረቀት ይጠይቃሉ ወይስ በስልክ ያያሉ? የቪዛ ፎቶ በየትኛው ስቱዲዮ ተነስታችሁ ነው ገጹ የተቀበላችሁ? የእናቴን ነጠላ ከጀርባው ነጭ ግድግዳ ጋር አንድ አድርጎ እያየው መሰለኝ የሚመልሰው። ነገ ጠዋት ጥቁር ሹራብ አልብሻት እንደገና ላስነሳት ነው።