ማስተካከያ፦ ክሎድ ሬይንስ በ«ካዛብላንካ» ኦስካር አላገኘም

ስለ «ካዛብላንካ» ፊልም ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ፈረንሳይ ትገዛት በነበረችው ሞሮኮ ጉቦኛውን የፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሬኖን ሆኖ የተወነው ክሎድ ሬይንስ ፈረንሳዊ እንደሆነና በዚሁ ሚና ኦስካር እንደተሸለመ ተገልጿል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ሬይንስ እ.ኤ.አ. በ1889 ለንደን የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በረዳት ተዋናይነት አራት ጊዜ ታጭቶ አንዴም አላሸነፈም፤ በ«ካዛብላንካ» በታጨበት ዓመት ሽልማቱን የወሰደው ቻርልስ ኮበርን ነው። በምርጥ ፊልምነት የተሸለመው ፊልሙ ራሱ ነው፤ መምታታቱ የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቁማር አለ ብሎ ቤቱን እየዘጋ እዚያው ቆሞ የቁማር ገንዘቡን የሚቀበለውን ሹም ላየ፣ ሽልማቱ ይገባው ነበር ማለት ያስደፍራል። ሬይንስ በሆሊውድ የታወቀውም ከዚያ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 «የማይታየው ሰው» በተባለው ፊልም ላይ በድምፁ ነው፤ ፊቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ለአፍታ ብቻ ነው።